ሽልማት ለሦስት፣ ቅጣት ለሁሉ

በሰኔ ወር መጨረሻ፣ ክረምቱ ገብቶ የዳሞታ ተራራ ራስ በደመና መሸፈን ሲጀምር፣ በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች የሚገኙ ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ትምህርት ፈጽመው የወላጆችን ቀን ያከብራሉ። በዚያ ቀን ከየክፍሉ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ልጆች ስማቸው በሚኒሚዲያው ድምፅ ማጉያ እየተጠራ ወደ መድረኩ ይወጣሉ፤ ደብተርና እስክርቢቶ፣ አንዳንድ ጊዜም መዝገበ ቃላት ከክብር እንግዳው እጅ ይቀበላሉ፤ እናቶቻቸውም እልል ይላሉ። ይህ የሚገባ ደስታ ነውና የሚነቅፈው ሰው አይኖርም። ነገር ግን በዚያው ሜዳ በሣሩ ላይ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡት፣ ከአራተኛ ጀምሮ እስከ ስልሳኛና እስከ ሰባኛ ያለውን ተራ የያዙት ልጆች ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤታቸው የተቀበሉት ምን ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ ሽልማቱ ለሦስቱ ተወስኖ ሲቀር ቅጣቱ ግን ለሁሉ ተዳርሶ እናገኘዋለን።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳው የምፈልገው አሳብ ይህ ነው፤ ሽልማት ማንኛውም ልጅ በትጋቱ ሊደርስበት የማይችለው ከሆነ፣ ቅጣትም ልጁን ከትምህርቱ የሚለየው ከሆነ፣ ሁለቱም የክፍልን ሥርዓት አያስከብሩም፤ በወላይታ ምድር ደግሞ ይህ ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት ከብዙ ስፍራ ይልቅ የከፋ ነው።

በአገራችን የልጅ አስተዳደግ ታሪክ ተግሣጽና በትር እንደ አንድ ነገር ተቆጥረው ብዙ ዘመን ኖረዋል። ልጁን ለቤተ ክህነት ትምህርት የሚሰጥ አባት ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ይል እንደ ነበር ሽማግሎች ያወሩልናል፤ ከትምህርት የኮበለለውን ልጅ እግሩን በግንድ ማሰር፣ በአለንጋ መግረፍ፣ ይባስ ብሎም በበርበሬ ጢስ ማጠን የታወቀ ቅጣት ነበር። ሆኖም ያን ዘመን በቅጣቱ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ግማሹን ብቻ ያስታውሳል። ፊደሉን ለይቶ፣ ንባቡን አቅንቶ፣ መዝሙረ ዳዊትን እስከ ፍጻሜው ለደገመ ልጅ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ድግስ ደግሰው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ መምህሩንም አክብረው የልጃቸውን ድካም በማኅበር ፊት ያመሰግኑ ነበርና፤ ይህም ክብር ዳዊት ለደገመ ልጅ ሁሉ የሚደርስ እንጂ ከጓደኞቹ ቀድሞ ለደገመው ብቻ የተመደበ አልነበረም። ፈጥኖ የጨረሰውም ዘግይቶ የጨረሰውም ድግሱ ይደገስለታል፤ የአንዱ ደስታ የሌላውን አይቀንስም። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከዚያ ሥርዓት በትሩን ወርሶ ድግሱን መተዉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወላይታ ራሷም ለዚህ ነገር ምስክር አላት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ በመጀመሪያው ዙር ትምህርት ከተሰጠባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ በእንሰትና በቡና ጓሮ መካከል በተሠሩ ዳሶች ውስጥ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናቶችና አባቶች ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ቀበሌው በግድ ያስገባቸው ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ እኔም አልሸሽገውም። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የቻለ ሁሉ፣ ስንተኛ ወጣህ ሳይባል፣ የምስክር ወረቀቱን ተቀብሏል፤ ዘመቻውም እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለአገሪቱ አስገኝቷል። ለሽማግሌ እንዲህ ያለውን ሽልማት የሰጠች አገር ለሕፃን የምትነሣበት ምክንያት ምንድን ነው?

ለበትሩ የሚከራከሩ ሰዎች ዘወትር መጽሐፈ ምሳሌን ይጠቅሳሉ፤ በወላይታም፣ አብያተ ክርስቲያናት በየመንደሩ በሞሉበትና የመጽሐፍ ቃል በየቤቱ በሚነበብበት አገር፣ ይህ ጥቅስ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲነሣ ብዙ ራሶች በአዎንታ ይነቀነቃሉ። ሰሎሞን ስለ ተግሣጽ መናገሩን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶንና ለቈላስይስ ሰዎች በጻፋቸው መልእክታት አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡና ተስፋ እንዳያስቈርጡ ማዘዙን በዚያው ጉባኤ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱን ቃላት አስማምቶ የሚያነብ ሰው ተግሣጽ ዳርቻ እንዳለው፣ ዳርቻውም የልጁ ልብ መሰበር እንደ ሆነ ያስተውላል።

ሕጋችንም ይህን ዳርቻ አበጅቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፣ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ትምህርት ቤትን በስሙ ጠርቶ መደንገጉን ልብ ይሏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ለአሳዳጊ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ለሚደረግ ተግሣጽ ጥቂት በር ትተዋል፤ አንዳንድ መምህራን ይህን ለአሳዳጊ የተተወውን በር ለራሳቸው አድርገው ስለሚወስዱት፣ አለንጋው በብዙ ክፍሎች ውስጥ ከሳጥን ኋላ ተሸሽጎ ይኖራል። ያንግ ላይቭስ የተባለው፣ በኢትዮጵያ፣ በህንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ በአገራችን ከተጠየቁት የስምንት ዓመት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪን ሲመታ አይተናል እንዳሉ መዝግቧል። የስምንት ዓመት ልጅ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ምን ዓይነት ወንጀል ይሠራ ኖሯል?

በትሩ በእውነት በተተወባቸው ክፍሎችም ቢሆን ስፍራው ባዶ አልቀረም። አርፍዶ የመጣው ከበሩ ውጭ ይቆማል፤ የቤት ሥራውን ያልሠራው በፀሐይ ይንበረከካል፤ ያወራው ከማርኩ ላይ ይቀነስበታል፤ ጥፋቱን የደገመው «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ከግቢ ይወጣል። እነዚህን ቅጣቶች አንድ በአንድ የመረመረ ሰው ከሕመማቸው ይልቅ ፍትሕ ማጣታቸው ጎልቶ ይታየዋል። ያረፈደችው ልጅ ምናልባት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ በጀሪካን ከምንጭ ውሃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ፣ ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ በእግሯ የመጣች ናት፤ ወንድሟም ለከብቱ ሣር አጭዶ ወይም በገበያ ቀን ከአባቱ ጋር ጭነት ተሸክሞ የዋለ ነው፤ ደብተር ሳይዝ የመጣውም ልጅ ደብተር ስለሌለው እንጂ ትምህርቱን ንቆ አይደለም። ልጅ ሊያስተካክለው በማይችለው ነገር ደጋግሞ ከተቀጣ፣ ሊያስተካክለው በሚችለውም ነገር የሚደርስበትን ቅጣት እንደ ዕጣ ፈንታው እየቆጠረ፣ በሠራው ሥራና በደረሰበት ነገር መካከል ያለውን ማሰሪያ ያጣዋል፤ ቅጣት ያስተምራል የምንለውም ያ ማሰሪያ ሳይበጠስ ከቆየ ብቻ ነው።

ማርክ መቀነስ የራሱ ጥፋት አለው። ማርክ ልጁ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለወላጁና ለሚመጣው ዓመት መምህር የሚናገር ምስክር ነው፤ ልጁ በክፍል ውስጥ ስለ ሳቀ ከሒሳብ ውጤቱ አምስት ማርክ የተቀነሰበት እንደ ሆነ፣ ምስክሩ ሐሰት ተናገረ ማለት ነው። አባቱ ካርዱን ተመልክቶ ልጄ ሒሳብ አይገባውም ይላል፤ ልጁም ውሎ አድሮ አባቱን ያምነዋል። ለጠባይ በካርዱ ላይ ኮንዳክት የሚባል የተለየ ስፍራ ተመድቦ ሳለ ዕውቀትንና ምግባርን በአንድ ሚዛን መደባለቅ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የረባሾች ስም ዝርዝር ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ስለሚያየው እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። መምህሩ ወደ ቢሮ ሲሄድ የክፍሉ አለቃ ጠመኔ ይዞ የሚያወሩትን ልጆች ስም በጥቁር ሰሌዳው ጥግ ይጽፋል፤ ደጋግሞ ባወራው ልጅ ስም አጠገብም ምልክት ይጨምራል። ይህ አለቃ እንደ ማንኛውም የዐሥር ዓመት ልጅ ወዳጅና ባላጋራ አለው፤ ዳቦውን ያካፈለው ስሙ ይሰረዝለታል፤ በኳስ ሜዳ የተጣላው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ስሙ ይጻፍበታል። መምህሩ ተመልሶ ሲገባ የሚቀጣው የተጻፈውን እንጂ በዓይኑ ያየውን አይደለም፤ ተከሳሹም ቃሉን እንዲሰጥ አይጠየቅም። የሥነ ዜጋ መጽሐፉ፣ ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት የሚያስተምረው፣ በዚያው ዴስክ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ልጁ በዚያው ሰዓት ሳይሰማ ይፈረድበታል። ከዚህ ክፍል የወጣ ልጅ ነገ በቀበሌ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያ ለሚያጋጥመው ተመሳሳይ ነገር አስቀድሞ የተለማመደ ሆኖ ይገኛል። አለቃውም ቢሆን ተጎጂ ነው፤ ሥልጣንን በመጀመሪያ የቀመሰበት ስፍራ ጉቦ የሚያስለምድ ሆኖበታልና።

እንግዲህ ወደ «ወላጅ አምጣ» እመለሳለሁ፤ የወላይታ ነገር ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ስለ ሆነ። ወላይታ በአገራችን ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው ምድሮች አንዱ ነው፤ ርስቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ መጥቶ፣ ለብዙ ቤተ ሰብ የእንሰቱ ጓሮ ብቻ የቀረበት ጊዜ ሆኗል። ስለዚህም የወላይታ ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐዋሳ እየሄዱ ጫማ ሲጠርጉ፣ ሎተሪ ሲያዞሩ፣ በሰው ቤት ሲያገለግሉ ማየት ለዓይናችን የተለመደ ሆኗል። በመስከረም ወር ጊፋታ ሲከበር ከከተማ የተመለሰው ጎረምሳ አዲስ ጫማና አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለእናቱ ጥቂት ብር ይዞ በመንደሩ መካከል ሲያልፍ፣ ታናናሾቹ ይመለከቱታል፤ በዓሉ አልቆ ሲመለስም አብሮት የሚሄድ ልጅ አይጠፋም።

አሁን በዚህ ወራት በቦዲቲ ወይም በአረካ፣ በሁምቦ ወይም በገሱባ አጠገብ ያለ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ በክፍል ውስጥ ስለ ተደባደበ «አባትህን ካላመጣህ እንዳትገባ» ተብሎ ከትምህርት ቤቱ በር ወጣ እንበል። አባቱ ቢሰማ ይገርፈዋል፤ ወይም በሌላ ሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ የተቀጠረ ስለ ሆነ የዕለት ደመወዙን ትቶ ሊመጣ አይችልም። ልጁ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለአባቱ አይነግርም፤ ጧት ደብተሩን ይዞ እንደ ወትሮው ከቤት ይወጣል፤ ቀኑን በገበያ ወይም በመናኸሪያ ያሳልፋል፤ በሦስተኛው ቀን የጊፋታውን ጎረምሳ ያስባል። ይህን የመሰለ ልጅ ስም በዓመቱ መጨረሻ በመዝገቡ ላይ «አቋርጧል» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «አባረርነው» ተብሎ አይጻፍም። መምህሩ ያሰበው ወላጁ መጥቶ እንዲመክረው ነበር፤ አሳቡም ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን የቅጣት ዋጋ በቀጪው አሳብ ሳይሆን በተቀጪው ላይ በሚያመጣው ፍሬ ይመዘናልና፣ ይህ ቅጣት በወላይታ ምድር ከአለንጋ ይልቅ ጨካኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ቅጣት ሁሉ ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። ስልሳ ሰባ ልጆች በሚታጎሩበት ክፍል፣ መመዘኛው አምሳ እንዲሆን ቢያዝም፣ ሥርዓት ከሌለ በመጀመሪያ የሚጎዱት ጸጥተኞቹ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ቅጣት ምን መምሰል እንዳለበት ከሩቅ አገር ልንማረው አያሻንም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት ለበደለው ሰው ቀኖና ሲሰጥ፣ የሰውየውን ዕድሜና ዐቅም፣ የበደሉንም ምክንያት መርምሮ ነው፤ ለደካማው የሚሰጠው ለብርቱው ከሚሰጠው ይለያል፤ ነገሩ በሁለቱ መካከል በምሥጢር ይጠበቃል፤ ቀኖናው ፍጻሜ አለው፤ ሲፈጸምም ሰውየው ወደ ማኅበሩ ይመለሳል እንጂ በደሉ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይኖርም። በወላይታ ብዙ ምእመናን ያሏቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የበደለውን አባላቸውን ለጊዜው በተግሣጽ ሥር ሲያደርጉ የመጨረሻው አሳባቸው መመለሱ ነው። ልጁን ከጉባኤው ፊት አንበርክኮ ማዋረድን ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው አስተማረን? ጓደኛውን የመታ ልጅ የመታውን ልጅ ይካስ፤ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ለአንድ ሳምንትም ወንበሩን ያጽዳለት። ዴስክ የሰበረ ከአናጢው ጋር ሆኖ ይጠግን። ያወራ ከወዳጁ ተለይቶ ከፊት ይቀመጥ። እነዚህ ቅጣቶች ናቸው፤ ነገር ግን ልጁ ሁልጊዜ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ቀኑም ሲያልቅ ቅጣቱ ያልቃል።

ስለ ሽልማት ደግሞ ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው፣ ለአንዳንዶቹ ብትሥሉ በወርቃማ ኮከብና በሪባን ያጌጠ የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን ብለው ቃል ገቡላቸው፤ ለሌሎቹ ግን ምንም አልተናገሩም። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ብቻ ሲሥሉ ተገኙ። ሥራውን ለፍቅሩ ይሠሩት የነበሩት፣ ለዋጋ ከሠሩት በኋላ ዋጋው ሲቀር ፍቅሩም ቀዘቀዘ። ስለዚህ ልጅ በራሱ የሚወደውን ነገር በከረሜላ መግዛት አይገባም፤ ሽልማቱ የሚያስፈልገው ልጁ ገና ጣዕሙን ያላወቀውን ነገር እንዲጀምር ለመደገፍ፣ ከዚያም ለማመስገን ነው።

የደረጃ ሽልማት ጉድለቱ ይህ ብቻ አይደለም። በስልሳ ልጆች መካከል ሦስት ተሸላሚዎች ካሉ፣ በኅዳር ወር የመጀመሪያው ውጤት ሲታወቅ ሃምሳው ልጅ ሽልማቱ የእርሱ እንደማይሆን አውቆታል፤ ከዚያ በኋላ ለእርሱ ያ ሽልማት እንደሌለ ይቆጠራል። በጥቅምት አንድ መስመር ማንበብ የማይችል የነበረና በግንቦት አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ያነበበ ልጅ፣ ከክፍሉ አርባኛ ቢሆንም፣ ከአንደኛው ልጅ የሚበልጥ መንገድ ሄዷል። ወላይታ ልጆቿን በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ታስተምራለችና፣ ይህ የንባብ ጉዞ በየወሩ ሊለካ የሚችል ነው፤ የተከታታይ ምዘናው ሥርዓትም ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የታሰበው ለዚህ ነበር። በወላጆች ቀን ከየክፍሉ ሦስት ልጆች ይጠሩ፤ ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ያሻሻሉትም ሁሉ ይጠሩ፤ ስማቸው በዚያው ድምፅ ማጉያ ይሰማ፤ ደብተር ቢጠፋ አንድ ቅጠል የምስክር ወረቀት በትምህርት ቤቱ ማኅተም ታትሞ ይሰጣቸው፤ እናቶቻቸውም እልል ይበሉ።

በውጭ አገር ከተሞከሩት ዘዴዎች ለብዙ ተማሪ ክፍል የሚስማማ አንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ካንሳስ የአንድ የ4ኛ ክፍል ልጆች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ሥርዓት ያፈረሰ አባል ለቡድኑ አንድ ምልክት እያስቆጠረ፣ ምልክቱ ከተወሰነ ቍጥር ያላለፈ ቡድን ሁሉ፣ ሁለቱም ቢሆኑ፣ ያሸንፍ ነበር፤ ዋጋውም ገንዘብ ሳይሆን ትንሽ የእረፍት ጊዜ፣ በሰልፍ መቅደምና ይህን የመሰለ ነበር። በኋላ በባልቲሞር ከተማ ተሞክሮ ልጆቹ ወጣቶች እስኪሆኑ ድረስ ሲከታተሏቸው፣ በሕፃንነታቸው ኃይለኞች በነበሩት ወንዶች ላይ በጎ ፍሬ ማፍራቱ ታይቷል። ዘዴው ሕጉ አስቀድሞ እንዲታወቅ ስለሚያደርግ የእኛም ልጆች ሳይነገራቸው የሚገባቸው ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብጹን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ የተደሰተ ልጅ፣ ዳኛ በሜዳ ላይ ቢጫ ካርድ ሲያወጣ ሕጉ ለሁለቱም ቡድን አንድ መሆኑን፣ ፊሽካውም ሲነፋ ቂም እንደማይቀር ያውቃልና። ጥንቃቄው አንድ ብቻ ነው፤ ቡድኑ የሚያስቸግረውን አንድ ልጅ እንዳይጠላው፣ መምህሩ የዚያን ልጅ ምልክት ለብቻው ይዞ በትዕግሥት ይርዳው።

ይህን ሁሉ ከመምህሩ የምንጠብቅ ከሆነ ግን ስለ መምህሩም መናገር ይገባናል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን መምህራን ደመወዛቸው በወቅቱ ሳይከፈላቸው ቀርቶ፣ ቤት ኪራይና የልጆቻቸው ቀለብ አስጨንቋቸው፣ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው በአደባባይ የታወቀ ነው። ለሥራው የሚገባውን ዋጋ የተነፈገ ሰው ስለ ዋጋና ስለ ፍትሕ ለሕፃናት እንዲያስተምር መላክ ከባድ ሸክም መጫን ነው። የተራበና የተናደደ ሰው እጁ ወደ አለንጋ ቢፈጥን፣ ጥፋቱ የእርሱ ቢሆንም ተጠያቂው እርሱ ብቻ አይደለም። የክፍል ሥርዓት በክልሉ የገንዘብ ቢሮ ይጀምራል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

«እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚሉ አባቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፤ የሚናገሩትም ከልባቸው ነው። ነገር ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ ክፍል ተገርፈው ትምህርታቸውን ጥለው የሄዱት ጓደኞቻቸው ዛሬ በዚያ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ምስክርነታቸውን አልሰጡም። የሰማነው የተረፉትን ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ የወላይታ ዞን ትምህርት መምሪያና በየትምህርት ቤቱ ያለው የወላጅ መምህር ኅብረት ከሚመጣው መስከረም አስቀድሞ ሊያደርጉት የሚችሉት፣ በጀት የማይጠይቅ ነገር አለ። «ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ለልጁ በቃል አይሰጥ፤ ለወላጁ በወላይትኛ በአጭር ወረቀት ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በጎረቤት ይነገረው፤ ወላጁ እስኪመጣ ድረስ ልጁ በክፍሉ ይቀመጥ፤ ወላጁም መምጣት የሚችለው በገበያ ቀን ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ከሆነ፣ የክፍሉ ኃላፊ በዚያ ቀን ያግኘው። የረባሾች ዝርዝር ከሰሌዳው ይሰረዝ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ከቢሮው መዝገብ ከፍቶ፣ በቅጣት ምክንያት ከግቢ የወጣውን ልጅ ሁሉ ስም፣ የወጣበትን ቀንና ምክንያቱን ይመዝግብ፤ ኅብረቱም በየወሩ ይመርምረው፤ በሦስተኛው ቀን ያልተመለሰ ልጅ ቢገኝ፣ ከአባላቱ አንዱ በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይሂድ።